ፊልቢና የጂዛን ድንበር፦ የአንድ ካርታ ሠሪ ታሪክ

በዚህ ዓመት የሞቃት አገሮችን በሽታዎች በምንማርበት ክፍል አስተማሪያችን አንድ ካርታ አሳየን። ካርታው በ2000 በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራብ፣ በጂዛን ክፍለ ሀገር፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ የደረሰባቸውን ቦታዎች የሚያመለክት ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ቀይ ነጥቦቹ ከባሕሩ ጠረፍ ተነሥተው፣ ሸለቆ ሸለቆውን ይዘው ወደ ተራራው ይወጡና አንዲት ቀጭን መሥመር ዘንድ ሲደርሱ ያቆማሉ። መሥመሯ የየመን ድንበር ናት። ከመሥመሯ ማዶ ወረቀቱ ባዶ ነው። ትንኝ ፓስፖርት እንደማትይዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያው ወራት በሽታው በየመን በኩልም ሰው ይፈጅ እንደነበር የታወቀ ነው። ካርታውን የሠራው ሰው ግን ከመሥመሯ ወዲህ ያለውን ብቻ ቈጥሮ ማዶውን ትቶታል።

ከነጥቦቹ አጠገብ ከተጻፉት ስሞች አንዱ አል-ዒዳቢ ይላል። አል-ዒዳቢ ከጂዛን ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሜዳው አልቆ ተራራው በሚጀምርበት አካባቢ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተምሥራቅ ያሉት እንደ ፈይፋና አድ-ዳኢር ያሉ ተራራማ ወረዳዎች እርከን ተሠርቶላቸው ቡና የሚበቅልባቸው ሲሆኑ፣ ከነርሱ ማዶ የመን ነው። ከክፍሉ ተማሪዎች መካከል ይህን ስም ከዚያ ቀን በፊት የሰማነው እኛ ብቻ ነበርን። የሰማነውም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአገር ቤት በመጣ ወሬ ነው። ከራያ፣ ከሐብሩና ከከሚሴ አካባቢ የሚነሣው ወጣት ከጅቡቲ በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ፣ ሰዕዳ ከደረሰ በኋላ፣ ገባ ተብሎ ለእናቱ የሚነገርላት ከነዚህ ተራሮች ወደ ጂዛን ሲወርድ ነው። አንድ አብሮ አደጋችን ከዚያ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር። እናቱ የቦታውን ስም በትክክል መያዝ አቅቷቸው፣ ልጄ ዒዳቢ ከሚባል አገር ነኝ አለኝ እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ይናገሩ እንደነበር እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

እንግዲህ ያቺን መሥመር ማን በካርታ ላይ አሰፈራት? ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው ሰው ሃሪ ሴንት ጆን ፊልቢ ይባላል። ስሙ በዐረብ አገር ጉዞ ታሪክ ውስጥ እጅግ የታወቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ምክንያታችንም ፊልቢን ለማወደስ ወይም ለመውቀስ ሳይሆን፣ መንግሥታት ካርታን ለምን እንደሚፈልጉት፣ ለማን እንደሚያካፍሉትና ማንን እንደሚያስቀሩበት ከአንድ ሰው ሕይወት ለመማር ነው።

ፊልቢ በአፕሪል 3 ቀን 1885 በሴሎን ደሴት፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ባዱላ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻይ ተካይ ነበር። በእንግሊዝ አገር በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ በቋንቋ ትምህርት ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ። በ1908 የሕንድ ሲቪል አገልግሎት ባልደረባ ሆኖ ወደ ላሆር ሄደ። ቋንቋ ለመያዝ የነበረው ችሎታ ከፍ ያለ ቢሆንም ከአለቆቹ ጋር መጣላት የማይሰለቸው፣ ግትርና ተከራካሪ ሰው ነበር። ይህ ጠባዩ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በ1915፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ ያዘው ወደ ሜሶጶጣምያ፣ ይኸውም ወደ ዛሬው ኢራቅ፣ ተዛውሮ የገንዘብ ጉዳይ ሹም ሆነ። በ1917 መጨረሻ ግን የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠ ተልእኮ ተሰጠው። ዐብዱል ዐዚዝ ኢብን ሳዑድ የተባለው የነጅድ ገዢ በእንግሊዝ ወገን ሆኖ እንዲዋጋ ለማግባባት ወደ ሪያድ ተላከ። ከሪያድም በግመል ጉዞውን ቀጥሎ ጂዳ ወረደ፤ ዐረቢያንም ከባሕር እስከ ባሕር አቋረጣት። በመንገዱ ላይ የሄደበትን ሰዓት፣ የኮምፓሱን አቅጣጫ፣ የቦታውን ከፍታ፣ የጕድጓዱንና የኮረብታውን ስም በየዕለቱ ይጽፍ ነበር። የመሪዎቹ ትዕግሥት እስኪያልቅ ድረስ ያ ኮረብታ ማን ይባላል፣ ይህስ ሸለቆ ወዴት ይፈሳል እያለ ይጠይቃል። ማታ ሌላው ሲተኛ እርሱ ማስታወሻውን ያስተካክላል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1920 የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው፤ የማኅበሩ ካርታ ነዳፊዎችም ከርሱ ቍጥሮች አዲስ ካርታ ሠሩ።

ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ተልእኮው የጦርነት ነበር፤ ካርታው የተገኘው በትርፍነት ነው። ነገር ግን የተልእኮው ጉዳይ በጥቂት ወራት ሲረሳ ካርታው ቀረ። መንግሥታት ወደ ማያውቁት አገር የሚልኩት ሰው ምንጊዜም ሁለት ዕቃ ይዞ ይመለሳል፤ አንዱ መልእክት፣ ሁለተኛው የመንገዱ መረጃ ነው። በአገራችንም ቢሆን በ1902 እና በ1903 ካፒቴን ሞድ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን የደቡብ ድንበራችንን አካባቢ ለክቶ ካርታ ማንሣቱ፣ በኋላ ኢትዮጵያና ኬንያ ለተካለሉበት መሥመር መነሻ ሆኗል።

በ1921 ፊልቢ በትራንስዮርዳኖስ የእንግሊዝ ዋና እንደራሴ ሆኖ ተሾመ። ከመንግሥቱ ጋር ግን መስማማት አልቻለም። እንግሊዝ ለዐረቦች የገባችውን ቃል አፍርሳለች ብሎ ያምን ስለነበር በ1924 ሥራውን ለቀቀ። ከዚያም ጂዳ ከትሞ ነጋዴ ሆነ፤ ከሚነግዳቸው ዕቃዎችም አንዱ የፎርድ አውቶሞቢል ነበር። በ1930 እስልምናን ተቀብሎ ዐብዱላህ ተባለ። በዚህም የንጉሡ ወዳጅና አማካሪ ለመሆን በቃ፤ በየምሽቱ በንጉሡ ጉባኤ ይቀመጥ ጀመር። በንጉሡ አውቶሞቢሎችና ግመሎች፣ በንጉሡ ፈቃድም፣ የውጭ ሰው ረግጦት በማያውቅ ስፍራ ሁሉ ይዘዋወር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚመኘው ሩብዕ አል-ኻሊ የተባለውን ታላቅ አሸዋ ማቋረጥ ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ፈቃድ ሲያዘገይበት በርትራም ቶማስ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ በ1931 መጀመሪያ ቀደመው። ፊልቢ እጅግ አዘነ። ቢሆንም በሚቀጥለው ዓመት ከጃኑዋሪ እስከ ማርች 1932 ድረስ በሌላና በከበደ መንገድ አቋረጠው። በዚህ ጉዞ ዋባር የተባለችውን፣ በእግዚአብሔር ቍጣ ተቃጥላ ጠፋች የሚባልላትን ከተማ ለማግኘት ተስፋ አድርጎ ነበር። መሪዎቹ ከቦታው ሲያደርሱት ያየው የከተማ ፍርስራሽ ሳይሆን ክብ ክብ ጕድጓዶችን ነበር። በመጀመሪያ እሳተ ገሞራ መሰለው። ይዞት የተመለሰው ብረት በለንደን ሲመረመር ግን ጕድጓዶቹ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተቈፈሩ መሆናቸው ታወቀ። የጠበቀውን ባያገኝም ያየውን እንዳየው ለክቶ አስፈረ። እኛ ሕክምና የምንማረው ሁሉ ልንማርበት የሚገባ ነገር ነው፤ በሽተኛ ሲቀርብ የጠበቅነውን በሽታ ሳይሆን ያገኘነውን ምልክት መጻፍ የሙያችን መሠረት ነውና።

በ1933 ሌላ ጠባዩ ታየ። የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያና በእንግሊዝ የሚደገፈው የኢራቅ ፔትሮሊየም ኩባንያ የሳዑዲን ዘይት የመፈለግ ፈቃድ ለማግኘት ይወዳደሩ ነበር። ፊልቢ ለሁለቱም ወዳጅ መስሎ ከቆየ በኋላ፣ ከአሜሪካኖቹ በስውር ደመወዝ እየተቀበለ ውሉ ለነርሱ እንዲሆን ረዳ። ውሉ በሜይ 29 ቀን 1933 ተፈረመ፤ የመጀመሪያው ክፍያ 35,000 የወርቅ ፓውንድ ነበር። እነሆ ዐረቢያን እርሱ ያህል የሚያውቃት የውጭ ሰው ባልነበረበት ዘመን፣ ዕውቀት ዋጋ ያለው ሸቀጥ መሆኑን ፊልቢ በሚገባ ተረድቶት ነበር።

አሁን ወደ ጂዛን እንመለስ። ጂዛንና አካባቢው ቀደም ሲል በሰብያ ከተማ ይቀመጡ በነበሩት በኢድሪሲዎች ይገዙ ነበር። ኢድሪሲዎች በ1926 በኢብን ሳዑድ ጥበቃ ሥር ገቡ፤ በ1930 አገራቸው ወደ መንግሥቱ ተጠቃለለ። በ1932 ዐምፀው ሲሸነፉም ወደ የመን ሸሹ። የየመኑ ኢማም ያሕያ በበኩላቸው አገሩ የአባቶቻችን ነው ይሉ ስለነበር በ1934 በሁለቱ መንግሥታት መካከል ጦርነት ተነሣ። የሳዑዲ ጦር አሸንፎ ሁደይዳ ድረስ ገባ። በሜይ 20 ቀን 1934 የጣኢፍ ውል ተደረገ፤ ጂዛን፣ ዐሲርና ነጅራን ለሳዑዲ ሆኑ። ውሉ ለሃያ የጨረቃ ዓመት የሚጸናና የሚታደስ ነበር። የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኮሚሲዮንም ወጥቶ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ጀምሮ እስከ ነጅራን አካባቢ ድረስ የድንበር ምልክት አቆመ።

ውሉ ድንበሩን የገለጸው በጎሣና በቦታ ስም ነው፤ እገሌ የተባለው ጎሣ ወዲህ፣ እገሌ የተባለው ወዲያ ይላል። ይህ ለአገሩ ሰው ግልጽ ቢሆንም ሪያድ ወይም ሰንዓ ለተቀመጠ ጸሐፊ ምንም አያሳየውም። ስለዚህ ንጉሡ በ1936 ፊልቢን አዲሱን ድንበር ተከትሎ ካርታ እንዲያነሣ አዘዘው። ፊልቢ በአውቶሞቢል ነጅራን ደረሰ። በዚህ ጊዜ እንኳ ግትርነቱ አልተወውምና፣ ከታዘዘው ውጭ ወደ ደቡብ ዘልቆ በሻብዋ በኩል የሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ እስከሆነችው ሙከላ ድረስ ሄደ። የሳዑዲ መሣሪያ ታጣቂዎች አስከትሎ እንግሊዝ የኔ ነው በምትለው አገር በመግባቱ የዐደን ባለሥልጣኖች ተቈጡ። ከተመለሰም በኋላ ዋናውን ሥራውን ያዘ፤ አውቶሞቢል የማይገባበትን ተራራ እየወጣና እየወረደ፣ ድንበሩን ይዞ እስከ ጂዛን ሜዳና እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ወረደ።

ያን አገር ለማሰብ ለኢትዮጵያዊ አያስቸግርም። ከባሕሩ ዳር ያለው ቲሃማ እንደ አፋር ሜዳ የሚያቃጥል ነው። ከዚያ ተራራው በድንገት ይነሣል፤ እርከኑ፣ የድንጋይ ቤቱ፣ ቡናውና ጫቱ ሐረርጌን ያስታውሳል። ፊልቢ በነዚህ ተራሮች ላይ ከፍታውን በአየር ግፊት መለኪያ፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ እየለካ፣ የጎሣውን፣ የገበያ ቀኑን፣ የሸለቆውን ስም እየጠየቀ ጻፈ። ወፍ ሳይቀር ይሰበስብ ነበር። በዐረቢያ የሚገኝ አንድ የቆቅ ዓይነት በሳይንስ ስሙ በርሱ ስም ተጠርቷል፤ አንዲት ግንደ ቆርቁር ደግሞ በሚስቱ በዶራ ስም ተሰይማለች።

ይህን ሁሉ የጻፈ ሰው ያልጻፈውስ ምንድን ነው? ካርታው ላይ የሰፈረው ቦታ እንጂ በቦታው የሚያልፈው ሰው አይደለም። በዚያ ዘመን ባርነት በሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ነበር፤ የተከለከለው በ1962 ነው። ከቀይ ባሕር ወዲህ ማዶ ተሻግረው ከተሸጡት መካከል ብዙዎቹ የእኛው አገር ሰዎች ነበሩ። ፊልቢም ራሱ በ1940ዎቹ ከንጉሡ አንዲት ባሪያ ልጃገረድ በስጦታ ተቀብሎ ከርሷ ልጆች ወልዷል። እንግሊዝ በዐረቦች ላይ ፈጸመችው ስለሚለው በደል ጮክ ብሎ የሚከራከረው ሰው፣ በዚህ ጊዜ ስጦታውን ተቀብሎ ዝም አለ። የተራራውን ሁሉ ስም የሚጠይቅ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው ሳይጠይቅ ሊያልፍ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በ1939 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ጦርነትን በመቃወም ለፓርላማ ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1940 ወደ አሜሪካ ለመሄድ ሲነሣ በቦምቤይ ተይዞ ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ለጥቂት ወራትም ያለ ፍርድ ታሰረ። በ1945 ወደ ዐረቢያ ተመለሰ። በ1936 ስላደረገው የድንበር ጉዞ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በአሜሪካ የታተመው በ1952 ነው። ይህም ማለት የድንበሩ ዝርዝር መግለጫ በተለካ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለማንኛውም አንባቢ ደረሰ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ያዘዘው መንግሥትና የጥቂት ሊቃውንት ወገን ብቻ ነበር።

ንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ በ1953 ከሞተ በኋላ ፊልቢ የዘይቱ ገንዘብ ያመጣውን ብክነትና ጉቦ በግልጽ ይነቅፍ ጀመር። በ1955 አዲሱ ንጉሥ ሳዑድ ከአገር አስወጣው፤ ቤሩት ሄዶ ተቀመጠ። ኋላ ታርቀው ተመልሷል። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1960 ቤሩት ሳለ በሰባ አምስት ዓመቱ ሞተ፤ በእስላሞች መቃብርም ተቀበረ። የቀበረው ልጁ ኪም ነው። ይህ ኪም ፊልቢ በእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ማዕረግ ላይ ደርሶ ሳለ ለሶቪየት ኅብረት የሚሠራ ሰላይ እንደነበር የታወቀውና በ1963 ወደ ሞስኮ የኮበለለው ነው። አባትየው መረጃ ሰበሰበ፤ ልጅየው መረጃ አሳለፈ።

የፊልቢ ማስታወሻ ደብተር የሚሠራውን ሥራ ዛሬ ኮምፒውተርና ሰው ሠራሽ ሳተላይት ይሠሩታል። የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት የሚባለው፣ ካርታዎችን እንደ ብራና ገጽ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ያለውን አፈር፣ ውሃ፣ መንገድ፣ የሕዝብ ብዛትና በሽታ በአንድነት የሚያሳይ ነው። በመጀመሪያ የተሠራው በ1960ዎቹ ለካናዳ መንግሥት የመሬት ቈጠራ ሲሆን፣ ጀማሪው ሮጀር ቶምሊንሰን ሐሳቡን ያገኘው በኬንያ ደን የሚተከልበትን ቦታ ለመምረጥ ካርታ በእጅ መደረብ እጅግ ውድ ሆኖ ሲያገኘው ነው። ከ1972 ጀምሮ ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምድርን ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ቀድሞ አንዱ ሥዕል በሺዎች የሚቈጠር ዶላር ያወጣ ነበር፤ በ2008 ለማንም በነፃ ተከፈተ። በዚህም ምክንያት መረጃው ከመንግሥታት ግምጃ ቤት ወጥቶ ለተማሪም፣ ለሐኪምም፣ ለከሳሽም ደረሰ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች በጁን 12 ቀን 2000 የጂዳን ውል ተፈራረሙ። የጣኢፉን መሥመር አጽንተው፣ በጎሣ ስም ፋንታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቍጥር የተጻፈ ሰንጠረዥ አባሪ አደረጉበት። በድንበሩ ግራና ቀኝ እስከ ሃያ ኪሎ ሜትር ድረስ እረኞች በግጦሽና በውሃ እንዲጠቀሙም ፈቀዱ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በጂዛን ተገኘ። ቫይረሱ በኬንያ በ1931 የታወቀ ሲሆን ከአፍሪካና ከአካባቢዋ ደሴቶች ውጭ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከብት ያስወርዳል፣ በትንኝና በደም ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ጉበት ያቃጥላል፣ ዓይን ያሳውራል። በሳዑዲ በኩል ብቻ ከ800 በላይ ሰዎች ታመው ከ100 በላይ ሞቱ። በየመን በኩልም በርካቶች ሞተዋል። በቍጥር የተጻፈው መሥመር ለበሽታው አጥር አልሆነም። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ከመሥመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ነጥቦች በአንድ ካርታ ላይ መስፈራቸው ነበር።

ጉዳዩ ለእኛም ደረሰ። ሳዑዲ ዐረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን ከብት ከለከለች፤ እገዳው ለዓመታት ጸንቶ የሱማሌና የምሥራቅ ኢትዮጵያ አርብቶ አደር ገበያውን አጣ። ከብቱ ጤነኛ ነው ብሎ መከራከር የሚቻለው የት ተመርምሮ፣ ምን እንደተገኘ በካርታ ማሳየት ሲቻል ነው። መረጃ የሌለው አገር ንጹሕ ሆኖም እንደ በሽተኛ ይታያል። በአንጻሩ በ2006 ተመራማሪዎች የውቅያኖሱን ሙቀትና የምድሩን ልምላሜ በሳተላይት ተከታትለው፣ በሽታው በምሥራቅ አፍሪካ ሊነሣ መሆኑን በሽተኛ ከመታየቱ ከሳምንታት በፊት አስጠንቅቀዋል። የተከፈለ መረጃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

የመሥመሩ ጠባቂዎችም ካርታና ካሜራ አላቸው። ከ2003 ጀምሮ አጥር ተሠርቷል፤ የጥበቃ ጣቢያዎች ተተክለዋል። በኦገስት 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች ያወጣው ዘገባ፣ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ለመሻገር የሞከሩ በመቶዎች የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደ ገደሉ ገለጸ። የሳዑዲ ባለሥልጣኖች ክሱ መሠረት የለውም ብለው አስተባበሉ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሳዑዲ ጋር እንደሚያጣራ አስታወቀ። ዘገባው ከተራፊዎች ቃል ጋር ያቀረበው ማስረጃ የሳተላይት ሥዕል ነው፤ በተራራው ላይ የእግር መንገዶች፣ አር-ረቅውና አስ-ሳቢት የተባሉት የስደተኞች ሰፈሮች፣ የጥበቃ ጣቢያዎችና እየሰፉ የሄዱ የመቃብር ቦታዎች ይታዩበታል። ፊልቢ በ1936 ባለፈበት የተራራ ሰንሰለት ላይ፣ በካርታ ያልተጻፈው መንገደኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕል ታየ። የታየው ግን በመቃብሩ ነው።

እኛም ኢትዮጵያውያን የመሥመርን ነገር ከሩቅ የምናውቀው አይደለም። በ1998 በባድመ የተነሣው ጦርነት በ1900፣ በ1902 እና በ1908 በተፈረሙ ውሎችና በቀድሞ ካርታዎች ላይ ተመሥርቶ በ2002 ፍርድ ተሰጠበት። ምልክት መትከል ስላልተቻለ የድንበር ኮሚሲዮኑ በ2006 መሥመሩን በቍጥር ሰንጠረዥ ብቻ አስፍሮ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ዘጋ። መሥመሩ በወረቀት አለቀ፤ በመሥመሩ ላይ የሚኖሩት ገበሬዎች ግን አላለቀላቸውም።

ስለዚህ ከፊልቢ ሕይወት የምንወስደው ይህን ነው። ትጋቱን እንውሰድ፤ ያየነውን እንዳየነው እንጻፍ፣ የአገሬውን ሰው ስም እንጠይቅ። ጕድለቱን ግን አንድገም። እርሱ የጻፈው ላዘዘው ነው፤ ካዘዘውና ከከፈለው ውጭ ያለው ሰው በደብተሩ ቦታ አልነበረውም። በመካከላችን ጂኦግራፊ፣ ምሕንድስና፣ ሕግ፣ ሕክምና የምንማር አለን። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የምንቀመጠው እኛ ነን። የበሽታ ካርታ ስንሠራ ከድንበሩ ማዶ ያለውን ሐኪም ነጥቦቹን እንዲሰጠን እንጠይቅ፤ የእኛንም እንስጠው። የስደተኛውን መንገድ ከጠባቂው ካሜራ ይልቅ በክሊኒክና በውሃ ጣቢያ ካርታ ላይ እናስፍረው። የሞተውንም ስሙን አጣርተን ለቤተ ሰቡ የምናሳውቅበት መዝገብ ይኑረን።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት በሄድን ጊዜ የዚያ አብሮ አደጋችን እናት ዒዳቢ የት ነው ብለው ጠየቁን። በስልካችን ካርታውን ከፍተን አሳየናቸው። መንገዱ፣ ተራራው፣ የቤቶቹ ጣራ ሳይቀር ይታያል። እርሳቸው ትንሽ ዝም ብለው ካዩ በኋላ ልጃቸው ከየትኛው ቤት እንዳለ ጠየቁን። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ካርታ ገና አልተሠራም።